የወፍጮ ቤት ሶላር ያዋጣል ወይ? በነፃ ሶፍትዌር እንዴት እንደሚሰላ

ሶላር ሻጭ ይዞላችሁ የሚመጣውን ስሌት ብቻ አትመኑ፤ ራሳችሁ አስሉ። እኔ የምጠቀመው ሲስተም አድቫይዘር ሞዴል፣ ባጭሩ ሳም የሚባለውን ነው። የሠራው የአሜሪካ ብሔራዊ የታዳሽ ኃይል ቤተ ሙከራ ነው፤ ነፃ ነው፤ ኮዱም ክፍት ስለሆነ ቁጥሩ ከምን እንደመጣ መመርመር ይቻላል።

ሳምን ጫኑ። ፒቪጂአይኤስ ከተባለው የአውሮፓ ኅብረት ድረ ገጽ የአካባቢያችሁን የፀሐይ መረጃ በኢፒደብሊው ፋይል (ሳም የሚያነበው የአየር ሁኔታ መረጃ ፋይል ዓይነት) አውርዳችሁ አስገቡ። የፓነሉን መጠንና ዋጋ ሙሉ።

አስቸጋሪው የፍጆታው ሠንጠረዥ ነው። ሳም የዓመቱን ፍጆታ በየሰዓቱ፣ በ8760 መስመር ይፈልጋል። የወሩን ቢል ለሰዓታት እኩል ማከፋፈል ያጓጓል፤ ነገር ግን ወፍጮ ሌሊትም ቀንም እኩል አይዞርም። ደብተር ይዛችሁ ቆጣሪው አጠገብ አንድ ሙሉ ሳምንት በየሰዓቱ መዝግቡ፤ ከዚያ ያንን ሳምንት እየደጋገማችሁ ዓመቱን ሙሉ። የገበያ ቀን ከሌላው ቀን በጣም ይለያል።

እዚህ ላይ አጎቴን ያከሰርኩበትን ስህተት ልንገራችሁ። ወፍጮው ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ይሠራል። እኔ እንደ ልማዳችን ቀኑን ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሬ በመጀመሪያው መስመር ላይ አስገባሁ። የሳም የመጀመሪያ መስመር ግን ከሌሊቱ 6 እስከ 7 ሰዓት ያለው ነው። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ወፍጮው ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 5 እንደሚሠራ ቆጥሮ፣ ያለ ትልቅ ባትሪ እንደማያዋጣ አሳየኝ። አጎቴም ለማያስፈልገው ባትሪ ቀብድ ከፈለ፤ ገንዘቡም አልተመለሰለትም። ዓመቱም የሚጀምረው በፈረንጆች ጥር 1፣ ማለትም ታኅሣሥ 23 ገደማ ነው፤ ከመስከረም ከጀመራችሁ የክረምቱ ደመና ከተሳሳተ ወር ጋር ይገጥማል።

ቀጥሎ ገንዘቡ። ሳም የዋጋ ግሽበትንና ከግሽበት የጠራውን የወለድ መጠን ለየብቻ ይጠይቃል። ባንኩ በ18 በመቶ ቢያበድር፣ ግሽበቱም 15 በመቶ ቢሆን፣ የጠራው 2.6 በመቶ ገደማ እንጂ 18 አይደለም። ትርፍ ኃይላችሁን የሚገዛ ውል ከሌላችሁ የሽያጩን ዋጋ ዜሮ አድርጉት። የባትሪ መተኪያ ወጪንም አትርሱ።

አሁን አስሉና የተጣራ የአሁን ዋጋ የሚለውን፣ ማለትም የሚመጡት ዓመታት ጥቅምና ወጪ ወደ ዛሬ ገንዘብ ተመንዝሮ የሚቀረውን፣ ተመልከቱ፤ ከዜሮ በላይ ከሆነ ያዋጣል። ከዚያ የመብራት ታሪፉን ከፍና ዝቅ እያደረጋችሁ ደግማችሁ አስሉ። ጄኔሬተር ካላችሁ ወይም መብራት በየጊዜው የሚጠፋባችሁ ከሆነ፣ ከዚያው ቤተ ሙከራ የወጣው ሪኦፕት የተባለው ሶፍትዌር ይሻላል፤ የናፍጣውን ወጪና መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት አብሮ ያሰላል።