ፕሮጀክተርን ተዋናይ እንዴት እናደርጋለን?

ቴአትር ውስጥ ፊልም ማስገባት አዲስ ነገር አይደለም። ጀርመናዊው አዘጋጅ ኤርቪን ፒስካቶር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በርሊን ላይ አድርጎታል። ዛሬ ባሕር ዳር ያለ የሰፈር ክበብ በአንድ ላፕቶፕ፣ በተከራየው ፕሮጀክተርና በአንድ ስልክ ሊሞክረው ይችላል። ችግሩ ብዙዎቻችን ቪዲዮውን ለማሳመሪያ ብቻ መጠቀማችን ነው። ከተዋናዩ ጀርባ ጣና ይንቀሳቀሳል፣ ሰዉም ተዋናዩን ትቶ ውሃውን ያያል። ጣናን ማየት ለሚፈልግ ደግሞ ሐይቁ ከአዳራሹ ውጭ አለ፣ በነፃ።

ስለዚህ መጀመሪያ ለምስሉ ሥራ ስጡት። ምስሉ ወጥቶ ታሪኩ ምንም ካልሆነ ምስሉ ይቅር። ለምሳሌ አንድ ዓሣ አስጋሪ መድረክ ላይ መረቡን እየጠገነ አዲስ አበባ ካለች ልጁ ጋር በቪዲዮ ያወራል። እሷ የምትታየው መጋረጃው ላይ ብቻ ነው።

«አባዬ፣ ዛሬ ወጡ እንዴ?»

«ወጣሁ እንጂ። ምን ዋጋ አለው፣ መረቡን እምቦጭ ሞላው።»

«ታዲያ ለምን እኔ ጋ አይመጡም?»

እዚህ ላይ አባት ዝም ይላል። ዛሬ 3 ሰከንድ፣ ነገ 6። ተቀርጾ ያለቀ ቪዲዮ ግን አይጠብቀውም። እንዲህ ያለው ቴአትር አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው እዚሁ ነው።

መፍትሔው የልጅቷን ንግግር አንድ ወጥ ቪዲዮ አለማድረግ ነው። እያንዳንዱን መልስ ለየብቻ ቅረጹ። ከዚያ ምንም ሳትናገር የምታዳምጥበትን አንድ ደቂቃ ጨምሩ። ዓይኗን ታርገብግብ፣ ሻሿን ታስተካክል፣ በቃ። አባት ተናግሮ እስኪጨርስ ድረስ ይህ ቁራጭ እየተደጋገመ ይታያል። ሲጨርስ ላፕቶፑ ጋ ያለው ሰው ቀጣዩን መልስ ይጫናል። ሁሉም ቁራጭ ሲጀምርም ሲያልቅም ጭንቅላቷ አንድ ቦታ ላይ ይሁን፤ አለዚያ በየመልሱ ፊቷ ይዘላል። ስልኩ ትራይፖድ ላይ ይታሰር። ቁርጥራጮቹን ለማቀያየር ኦቢኤስ ስቱዲዮ የሚባለው ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይበቃል። የሚጫነው ሰው ግን ምልልሱን በቃሉ የሚያውቅ ይሁን። እኔ ብሆን ከኮምፒውተር አዋቂ ይልቅ ተዋናይ አስቀምጥበታለሁ።

ለመጋረጃ በደንብ የተተኮሰ አቡጀዲ ምንም አይልም። ቦታ ካላችሁ ከኋላ አብሩበት፤ ተዋናዩ ምስሉ ላይ ጥላ አይጥልም። ያን ጊዜ ፕሮጀክተሩ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ምስሉን ገልብጡት፣ ካልሆነ ግራው ቀኝ ይሆናል። ለ2 ሜትር ስፋት ብዙ ፕሮጀክተሮች 3 ሜትር ገደማ ርቀት ይፈልጋሉ። ርቀቱን እጥፍ ብታደርጉት ምስሉ የሚሸፍነው ቦታ አራት እጥፍ ይሆናል፣ ድምቀቱ ደግሞ ወደ ሩብ ይወርዳል። በተዋናዩ ላይ የሚበራው መብራት ከጎን ይሁን፤ መጋረጃውን ከነካ ልጅቷ ትደበዝዛለች።

የልጅቷ የሞተች እናት መድረኩ ላይ ብቅ እንድትል ከፈለጋችሁ አሮጌ አጎበር ዘርጉ። በጥቁር ጨርቅ ፊት የተቀረጸ ሰው አጎበር ላይ ሲበራ አየር ላይ የቆመ ይመስላል። የአጎበሩ ጀርባ ጨለማ ይሁን። ፕሮጀክተሩን ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን በሰያፍ አስቀምጡት፣ በቀዳዳዎቹ የሚያልፈው ብርሃን ሌላ ቦታ እንዲያርፍ። (ሰው የሚተኛበትን አጎበር እንዳትወስዱ። የጣና ትንኝ ለጥበብ አይራራም።)

ድምፅ በሽቦ ይሂድ። ብሉቱዝ ስለሚዘገይ ከንፈሯና ቃሏ አይገጥሙም። ስፒከሩን ከመጋረጃው ኋላ አስቀምጡት፣ ድምፁ ከአፏ የወጣ እንዲመስል።

ሐይቁ ዳር ውጭ ላይ የምታሳዩ ከሆነ ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት አትጀምሩ፣ ምስሉ አይታይም። አቡጀዲውን ከላይ ብቻ ሳይሆን በአራቱም ጠርዝ እሰሩት፤ ነፋስ ሲመጣ የልጅቷ ፊት ይጨማደዳል። ነፍሳትም ብርሃኑን አይተው ይጎርፋሉ፣ ስለዚህ በየመሃሉ ሌንሱን ተመልከቱ።

የቀረው የመብራት መጥፋት ነው። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ፕሮጀክተሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የለውም። አምፖል ያላቸው ፕሮጀክተሮች ደግሞ መብራት ቢመለስም ቶሎ አይነሱም። ደግነቱ የእኛ ታሪክ መውጫ አለው፤ ኔትወርክ ሄደ ማለት ነው። አባት «ሃሎ? ሃሎ? ይኸው ሄደች!» ይልና ብቻውን ያጉረመርማል። ይህን ክፍል ለሦስት አራት ደቂቃ የሚበቃ አድርጋችሁ ጻፉለት። ከዚያ በአንዱ ልምምድ ላይ ሳትነግሩት የላፕቶፑን ገመድ ከፕሮጀክተሩ ንቀሉ፣ ምን እንደሚል ታያላችሁ።