«ጥንድ ጥንድ ሁኑ» ማለት ብቻውን አይበቃም፦ በተግባቦታዊ ዘዴ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ምልልስ ማስነበብን ማነጋገር ብሎ መቁጠር

ተግባቦታዊ ዘዴ ማለት ቋንቋን ሐሳብ እየተለዋወጡበት እንዲማሩት ማድረግ ነው። በዚህ ዘዴ የሚያስተምሩ የብዙ መምህራንን ክፍል ተቀምጬ ተከታትያለሁ። ትዕግስቴን የሚያስጨርሰኝ ይህ ነው። መምህሩ ተማሪዎቹን ጥንድ ጥንድ ያደርጋቸዋል፤ አንዱ «ሀ»ን፣ ሌላው «ለ»ን ሆኖ መጽሐፉ ላይ የታተመውን ምልልስ ያነባሉ፤ ከዚያ ተራ ይቀያየራሉ። ክፍሉ በእንግሊዝኛ ይንጫጫል፣ መምህሩም በኩራት ወደ እኔ ይመለከታል። ለድምፅ አወጣጥ ይጠቅም ይሆናል እንጂ ተግባቦት የሚባል ነገር አልተካሄደም። የሚጠየቀውም የሚመለሰውም ከሁለቱ ዓይን ሥር ታትሞ ሳለ ምን የሚነጋገሩት ነገር አለ?

ሰው አፉን የሚከፍተው የማያውቀውን ለማወቅ ወይም ሌላው የማያውቀውን ለመንገር ነው። የመረጃ ክፍተት የሚባለው ይኸው ነው፤ እሱ ከሌለ የቀረው ሁሉ ትርኢት ነው። ለአንዱ ፋርማሲውና ባንኩ ያሉበትን፣ ለሌላው ቤተ መጻሕፍቱና ሆቴሉ ያሉበትን ካርታ ይስጡ፤ የጎደለውን በመጠየቅ ብቻ ያሟሉ። ግን ጎን ለጎን አስቀምጠው ወረቀቱን ካደሉ ልፋትዎ ከንቱ ነው። አንዱ አንገቱን ሰገግ ያደርጋል፣ ከጓደኛው ካርታ ላይ ይገለብጣል፣ «ጨርሰናል» ይላል። አንድም ቃል አልተነፈሱም! ሰነፎች ሆነው አይደለም፤ በዓይን የሚገኘውን መረጃ በባዕድ ቋንቋ ተቸግሮ የሚጠይቅ ማን አለ? ጀርባ ለጀርባ ያስቀምጧቸው፣ ወይም በመካከላቸው ቦርሳ ያቁሙ። ያን ጊዜ «እንዴት? ከባንኩ በስተግራ ነው በስተቀኝ?» የሚለውን ጥያቄ ማንም ሳያዛቸው በእንግሊዝኛ ሲጠይቁ ይሰማሉ።

«ስለ አካባቢ ብክለት ተወያዩ» የሚለውም ትእዛዝ ያው ነው። ተወያይተው ምን ላይ ይድረሱ? አምስት መፍትሔዎችን በቅደም ተከተል አስይዟቸው፣ ወይም ከሦስት አንዱን መርጠው ምክንያታቸውን ለክፍሉ ያስረዱ። ማለቂያው የማይታወቅ ውይይት ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋ ወሬ ይዞራል።

ሰዋስውን ማባረር

ይህን ስህተት የሚሠሩት ብዙውን ጊዜ ከሥልጠና የተመለሱ ትጉህ ጀማሪዎች ናቸው፤ ስለዚህ ልቆጣቸው አልችልም። ግን ማን ነው ሰዋስው ይቅር ያለው? አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር ዴል ሃይምስ የተግባቦት ችሎታን፣ ማለትም ቋንቋን እንደ ሁኔታው በአግባቡ የመጠቀም ችሎታን፣ ጽንሰ ሐሳብ ሲያቀርብ የተከራከረው ያለ አጠቃቀም ሕጎች የሰዋስው ሕጎች ብቻቸውን ከንቱ መሆናቸውን ነው። የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪዎቹ ካናልና ስዌን በ1980 ጽንሰ ሐሳቡን በዝርዝር ሲከፋፍሉትም የሰዋስው ችሎታን ከአካላቱ አንዱ አድርገው አስቀምጠውታል። በካናዳ ትምህርታቸውን ለዓመታት በፈረንሳይኛ የተከታተሉ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሕፃናት ሲሰሙ ጎበዞች ቢሆኑም፣ ሲናገሩና ሲጽፉ ግን የሰዋስው ስህተታቸው አልለቀቃቸውም። ያችው ሜሪል ስዌን በ1985 መስማት ብቻውን አይበቃም፣ ተማሪው ራሱ ቋንቋውን ማውጣት አለበት ያለችው ከዚህ ተነሥታ ነው።

ስለዚህ ሰዋስውን ያስተምሩ፤ ጊዜውን ብቻ ይምረጡ። ያለፈ ጊዜን ለአርባ ደቂቃ ሰሌዳ ላይ ከመተንተን፣ ተማሪዎቹ ትናንት ያደረጉትን ሲተርኩ የተሰናከሉበትን ይዞ አሥር ደቂቃ ማብራራት ይበልጣል።

እርማትን ማብዛት፣ ወይም ጨርሶ መተው

በየዓረፍተ ነገሩ የሚያቋርጥ መምህር ተማሪውን ዲዳ ያደርገዋል። ይህ የታወቀ ነው። ያልታወቀው ለስላሳው እርማት ብዙ ጊዜ ሰሚ ማጣቱ ነው። ተማሪው «የስተርደይ አይ ጎ ቱ ማይ አንክል» ይላል። መምህርቷ ፈገግ ብላ «ኦ፣ ዩ ዌንት ቱ ዩር አንክል!» ትለዋለች። እሱም «የስ!» ብሎ ይቀጥላል፤ ንግግሩ ስለገባት ደስ ብሎታል፣ መታረሙን ግን አላወቀም። ተመራማሪዎቹ ላይስተርና ራንታ በ1997 ባሳተሙት ጥናት በተመለከቷቸው ክፍሎች መምህራኑ ከሰጡት እርማት ከግማሽ በላዩ የዚህ ዓይነት ነበር፤ ተማሪዎቹ ከሌሎቹ ሁሉ ያነሰ ምላሽ የሰጡትም ለዚሁ ነበር። አንዳንዴ ቆም ብሎ «የስተርደይ አይ...?» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ለባለቤቱ መመለስ ይሻላል። ተማሪዎች በጥንድ ሲሠሩ ደግሞ ዝም ብለው ይዙሩ፣ የሰሙትን ስህተት ማስታወሻ ላይ ይያዙ፣ መጨረሻ ላይ የማንንም ስም ሳይጠሩ ሰሌዳ ላይ ያቅርቡ።

መልሱን እያወቁ መጠየቅ

«ይህ ምንድን ነው?» እያሉ እስክሪብቶ ማሳየት ለአንድ ሳምንት ይበቃል። ለእውነተኛ ጥያቄ ደግሞ ጊዜ ይስጡ። ሦስት ሰከንድ ዝም ማለት ለመምህር ዘላለም ይመስላል፤ ተማሪው ግን ገና ግሱን እየፈለገ ነው።

መመሪያን ማንዛዛት

ወረቀቱን ከማደልዎ በፊት ይናገሩ። የተወሳሰበውን በአፍ መፍቻ ቋንቋ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢያስረዱ የሚፈርስ ዘዴ የለም።

ንግግር አስተምሮ በምርጫ ጥያቄ መፈተን

ዓመቱን ሙሉ ሲያናግሩ ከርመው ፈተናው ላይ ክፍት ቦታ ብቻ ካስሞሉ፣ ተማሪው በሚቀጥለው ዓመት ጥንድ ሁኑ ሲባል ከጠረጴዛው ሥር የሰዋስው መልመጃውን ይሠራል። ፍርዱም ትክክል ነው። ክፍሉ ብዙ ሰው ቢይዝም በየክፍለ ጊዜው ሌሎቹ ሲሠሩ ሁለት ሦስት ጥንድ አዳምጠው ውጤት መያዝ ይቻላል፦ መልእክቱ ደረሰ ወይ? ሳይገባው ሲቀር ጠየቀ ወይ? የጎደለውን ቃል በሌላ መንገድ አስረዳ ወይ? መመዘኛዎቹን አስቀድመው ግድግዳ ላይ ይለጥፏቸው።