ስኮፕ ዒላማ አልይዝ ሲል ችግሩን እንዴት ማግኘት ይቻላል

ጥይቱ አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ ሲያርፍ የብዙ ሰው እጅ ቶሎ የሚሄደው ወደ ስኮፑ፣ ማለትም ጠመንጃው ላይ ወደሚታሰረው ማነጣጠሪያ መነጽር፣ ማስተካከያ ነው። አንድ ይተኩሳል፣ ያዞራል፤ ደግሞ ይተኩሳል፣ ያዞራል። ሃያ ጥይት ያልቃል፤ ችግሩ ግን እዚያው ነው። እባክዎ ማስተካከያውን ለጊዜው ይተዉት። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ጥይቶቹ ተሰብስበው ያርፋሉ ወይስ ይበተናሉ የሚለው ነው።

ከሁሉ በፊት ካዝናውን ያውጡ፤ የጎረሰ ጥይት አለመኖሩን በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ። ብሎን በነኩ ቁጥር ይህንን ይድገሙ። ተኩሱም በተፈቀደ የተኩስ ሜዳ፣ ከዒላማው ጀርባ ጥይት የሚያስቀር የአፈር ክምር ባለበት ብቻ ይሁን።

አሁን ጠመንጃውን ከፊትም ከኋላም በአሸዋ ከረጢት ያስደግፉ። የፊቱ ከረጢት እንጨቱን ይያዝ እንጂ አፈሙዙን አይንካ። ምንም ሳያዞሩ በ100 ሜትር አንድ ነጥብ ላይ አምስት ጥይት ይተኩሱ። ከነጥቡ ርቀውም ቢሆን ከተሰበሰቡ ጥሩ ነው፤ የቀረው ማስተካከል ብቻ ነው። ከተበተኑ ግን ምንም ያህል ቢያዞሩ አይስተካከልም።

ለመበተን ዋናው ተጠያቂ የላላ ብሎን ነው። ስኮፑን የሚያቅፉትን ቀለበቶች ሁሉም ያጠብቃል፤ ከሥር ያለውን መቀመጫ ከጠመንጃው ጋር የሚያያይዙት ብሎኖች ግን አብዛኛውን ጊዜ ስኮፑ ካልወረደ ስለማይታዩ ይረሳሉ። ስኮፑን ያውርዱ፣ ዘይቱን ከብሎኖቹ ይጥረጉ፣ መቀመጫውን ያጥብቁ። የቀለበቶቹን ብሎኖች ሲመልሱ በየተራ፣ ጥቂት በጥቂት፣ አምራቹ ባዘዘው ልክ ያጥብቁ። የብዙ ቀለበቶች ልክ ከ2 ኒውተን ሜትር ብዙም አይርቅም፤ ከልክ በላይ ማጥበቅ የስኮፑን ቱቦ ይጨፈልቃል። ከዚያ በቀጭን እርሳስ ከቀለበቱ ጀምሮ እስከ ቱቦው የሚያልፍ አንድ መስመር ያስምሩ። ከአስር ጥይት በኋላ መስመሩ ከተቆረጠ ስኮፑ እየተንሸራተተ ነው።

ብሎኑ ደህና ከሆነ ጥይቱ አንድ ዓይነት መሆኑን ይዩ፤ አምራቹ ወይም ከጥይቱ ተወርውሮ የሚሄደው እርሳስ ክብደት ሲለያይ ማረፊያው ይለያያል። አፈሙዙ ሲግልም እንዲበርድ ይጠብቁ። ጠመንጃውን ሳይነኩ ከስኮፑ ኋላ ራስዎን ከፍ ዝቅ ሲያደርጉ በስኮፑ ውስጥ የሚታየው የማነጣጠሪያ መስቀል ዒላማው ላይ የሚሄድ ከሆነ (ይህ ፓራላክስ ይባላል) የፓራላክስ ማስተካከያውን መስቀሉ እስኪረጋ ያዙሩ። ማስተካከያው ከሌለ ጉንጭዎን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ያሳርፉ።

ጥይቶቹ ከተሰበሰቡ በኋላ ወደ ክሊክ ቆጠራ ይግቡ፤ ክሊክ ማስተካከያው ሲዞር ቀጭ የሚልበት አንድ እርምጃ ነው። ሩብ ኤም-ኦ-ኤ (ኤም-ኦ-ኤ የአንድ ዲግሪ አንድ ስልሳኛ ነው) የሆነ ክሊክ በ100 ሜትር 7 ሚሊ ሜትር ያህል ያንቀሳቅሳል፤ ስለዚህ ጥይቱ 14 ሴንቲ ሜትር ግራ ካረፈ 20 ክሊክ ወደ ቀኝ ነው። በ25 ሜትር ግን ያው ክሊክ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ እዚያ ላይ አራት እጥፍ ክሊክ ያስፈልጋል። ብዙ ደህና ስኮፕ «ተበላሽቷል» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ማስተካከያው ጥጉ ላይ ደርሶ እምቢ ካለ አያስገድዱት። ከጥግ እስከ ጥግ ክሊኩን ቆጥረው ግማሹን ይመልሱ፤ መሐል ላይ ሆኖም ስኮፑ ከዒላማው በጣም ርቆ ካሳየ ጥፋቱ የመቀመጫው ነው። ምናልባት የመቀመጫው የፊትና የኋላ ክፍል ተቀያይረው ይሆናል።

በመጨረሻ ስኮፑን ራሱን ይፈትኑ። ሁልጊዜ አንዱን ነጥብ ብቻ እያለሙ አንድ ጥይት ይተኩሱ፤ ከዚያ 20 ክሊክ ወደ ላይ፣ 20 ወደ ቀኝ፣ 20 ወደ ታች፣ 20 ወደ ግራ፣ በየማዕዘኑ አንዳንድ እየተኮሱ ይዙሩ። አራት ማዕዘኑ ካልገጠመ ወይም አምስተኛው ጥይት መጀመሪያው አጠገብ ካልተመለሰ፣ ደህንነቱ የታወቀ ሌላ ስኮፕ እዚያው ጠመንጃ ላይ ያስሩና ይድገሙት። ያኛው ከሠራ የእርስዎ ስኮፕ ውስጡ ተጎድቷል። እቤት አይክፈቱት፤ ብዙዎቹ ጉም እንዳይዛቸው በናይትሮጅን ተሞልተው የታሸጉ ስለሆኑ ለአምራቹ ይላኩት።