የጁልየትን የፍቅር ንግግር በዛሬ አማርኛ እንዴት መጻፍ ይቻላል?

የሼክስፒር «ሮሚዮና ጁልየት» መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1597 ነው። ከዚህ ተውኔት ቆርጣችሁ ባሕር ዳር ላይ በትምህርት ቤት ወይም በሰፈር መድረክ ለማቅረብ ካሰባችሁ፣ «ስምህን ካደው» የሚለውን ዝነኛ ንግግር ትታችሁ ዝቅ ብሎ ካለው፣ ጁልየት «በጨረቃ አትማል» ከምትልበት ጀምሩ። ሁለተኛው ገቢር፣ ሁለተኛው ትዕይንት ላይ ነው። አጭር ነው፤ መሐላ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። «እናቴ ትሙት» ሳይል የሚያወራ ጎረምሳ የት አለ?

በቅድሚያ ልጅቷ የምትፈልገውንና የምትፈራውን በተራ አማርኛ ጻፉ፦ «ወድጄሃለሁ፤ ግን ፈጠነብኝ፣ ነገ ትቀየርብኛለህ ብዬ እፈራለሁ።» ከዚህ የማይገናኝ መስመር ይሰረዝ። ከበደ ሚካኤል ተውኔቱን ወደ አማርኛ መልሰውታል፤ ረቂቃችሁን ሳትጨርሱ ግን አትክፈቱት። የእሳቸው አማርኛ አንዴ ጆሮ ከገባ አይለቅም።

ቀጥሎ ቦታውን አስተካክሉ። የሁለቱ ቤተሰብ ጠብ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ «የደመኛ ልጅ» ካላችሁ ተመልካቹ ገብቶታል፣ ሮሚዮ ከተያዘ እንደሚገደልም ያውቃል። «ለምን አይደውልላትም?» የሚል ግን አይጠፋም። መብራት አጥፉባቸው! ስልኩ ቻርጅ ጨርሷል፣ ሰፈሩ ጨልሟል፣ ጨረቃዋም ጣና ላይ ቁልጭ ብላ ትታያለች።

ብዙ ጊዜ የሚወስደው ምሳሌዎቹን ማበጠር ነው። ጨረቃና መብረቅ እንዳሉ ይቆዩ። ጁልየት ፍቅራቸውን በበጋ በሚፈካ እንቡጥ የመሰለችበት ግን ችግር አለበት፦ በእንግሊዝ አበባ የሚያፈካው ሞቃቱ ወቅት ነው፤ በእኛ በጋ ሜዳው ይደርቃል፣ አደይ የምትፈነዳው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ስለዚህ ወደ መስከረም ውሰዱት። ትንሽ ቆይታ ጁልየት ሮሚዮን መልሳ ለመጥራት የጭልፊት አሠልጣኝ ድምፅ ትመኛለች። ጭልፊት የሚያሠለጥን ሰው እዚህ ማን አይቶ ያውቃል? ከዳር ሆኖ ታንኳ ላይ ያለውን ዓሣ አስጋሪ የሚጣራ ሰው ድምፅ ትመኝ።

እኔ እንዲህ ጻፍኩት፦

«ጨረቃን ብለህ አትማልልኝ። እሷ በየወሩ መልኳን ትቀያይራለች፤ አንተም እንደሷ እንዳትሆንብኝ።»

«ታዲያ በምን ልማል?»

«ተወው፣ አትማል። ካልሆነልህ በራስህ ማል። ስላየሁህ ደስ ብሎኛል፤ የዛሬው ቃል ኪዳን ግን አላስደሰተኝም። ቸኮልን። አላሰብንበትም። ድንገት ሆነብን። መብረቅ እንኳ በረቀ ሳትለው ድርግም ይላል። እስቲ መስከረም ይጥባ፤ እንቡጡ ከፈካ ያኔ እናያለን።»

«ቸኮልን፣ አላሰብንበትም፣ ድንገት ሆነብን» የሚሉትን ሦስቱን አታዋህዱ፤ እንግሊዝኛውም ሦስት ጊዜ ይመታል፣ ፍርሃቷ ያለው እዚያ ድግግሞሽ ላይ ነው። የአራዳ ቃል አታብዙ፤ በዓመቱ ያረጃል።

በመጨረሻ ሁለት ሰው ጮክ ብሎ ያንብበው፣ አንዷ ፎቅ በረንዳ ላይ፣ ሌላው ከአጥር ውጭ ቆሞ። ከታች ያለው «ምን አልሽ?» ካለ መስመሩ ረዝሟል፤ እዚያው ላይ ቁረጡት።