ስካን የተደረገ አማርኛ ወደ ጽሑፍ ሲቀየር ለምን ይበላሻል? ችግሩና መፍትሄው

ከምስል ላይ ፊደል ለቅመው ወደሚታረም ጽሑፍ ከሚቀይሩት (ኦሲአር ከሚባሉት) ፕሮግራሞች መካከል አማርኛ ከሚያነቡትና በነጻ ከሚገኙት ጎግል ዶክስና ቴሰራክት ይጠቀሳሉ። ውጤቱ ሲበላሽባችሁ ፕሮግራም ለመቀየር አትቸኩሉ። መጀመሪያ እንዴት እንደተበላሸ እዩ።

የወጣው ሁሉ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ነው

ቴሰራክት ቋንቋ ካልተነገረው እንግሊዝኛ ነው ብሎ ያነባል። የአማርኛውን የቋንቋ ፋይል ጭናችሁ አማርኛን ምረጡ።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ብዙ ሰው የሚደክመው እዚህ ላይ ነው። ፒዲኤፉ ጭራሽ ስካን ላይሆን ይችላል። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ለዓይን አማርኛ ነው፤ ኮፒ ሲደረግ ግን ትርጉም የሌለው ነገር ይወጣል። አንድ ቃል በማውስ ምረጡና ሌላ ቦታ ለጥፉት። ከተመረጠና ከተበላሸ ምክንያቱ ፎንቱ ነው። ገጾቹን ወደ ምስል ቀይሩና ምስሉን አስነብቡ።

ፊደሉ ልክ ነው፣ ዓረፍተ ነገሩ ግን ተደበላልቋል

ነጋሪት ጋዜጣን የሞከረ ሰው ያውቀዋል። አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ስለሚታተሙ ፕሮግራሙ ሁለቱን ዓምዶች እንደ አንድ መስመር ያነባቸዋል። የአማርኛውን ዓምድ ብቻ ቆርጣችሁ ስጡት።

«ሉ» እና «ሊ» ይምታታሉ

የ«ሉ» ቅጥያ ከጎን መሃል ላይ ናት፣ የ«ሊ» ከእግር ግርጌ። ምስሉ ከደበዘዘ ይህች ትንሽ ጭረት ትጠፋለች። በ300 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው) ስካን አድርጉ፤ ፊደሉ ደቃቅ ከሆነ በ400። ጎግል ፋይሉ ከ2 ሜጋባይት እንዳይበልጥ ስለሚመክር ብዙ ገጽ ያለውን ከፋፍሉት።

ስካኑ ጥሩ ሆኖም በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቃል። ላኪው እንደ ፋይል ይላክላችሁ። የተጨመቀውን ማጉላት የጠፋውን ጭረት አይመልስም፤ ዋናውን ጠይቁ።

ማኅተም ያረፈበት ቦታ አይነበብም

ደብዳቤውን በጥቁርና ነጭ ሳይሆን በቀለም ስካን አድርጉ። ከዚያ በፎቶ ማስተካከያ ሰማያዊውን ወይም ሐምራዊውን ቀለም አደብዝዙ። ከጀርባ ያለው ጽሑፍ የሚታይ ከሆነ ከገጹ ኋላ ጥቁር ወረቀት አድርጉ። የእጅ ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ራሳችሁ ብትተይቡት ይሻላል።

እርማት ላይ

ተደጋጋሚ ስህተት ስታገኙ ሁሉንም በአንዴ አትተኩ፤ ትክክለኛውንም ቃል ታበላሻላችሁ። አንድ በአንድ እያያችሁ ቀይሩ። ቁጥሮችን በተለይም ፩፣ ፪፣ ፫ን ከወረቀቱ ጋር አመሳክሩ። የተሳሳተ ቃል ስታነቡት ይቆረቁራችኋል፣ የተሳሳተ ቀን ወይም የብር መጠን ግን አይቆረቁርም። ውል ወይም የፍርድ ቤት ሰነድ ከሆነ አንዱ ከወረቀቱ ላይ ያንብብ፣ ሌላው ከስክሪኑ ይከተል።