ከብርሃን ኃይል በሚያገኙ ባክቴሪያዎች ፕላስቲክ ለማምረት ሲነሡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከጸደቀ ወዲህ፣ በአራት ኪሎ አካባቢ ባሉ ቤተ ሙከራዎች ለሚሠሩ ተማሪዎች በባክቴሪያ የሚሠራ ፕላስቲክ ይበልጥ አጓጊ የምርምር ርዕስ ሆኗል። ርዕሱ ግን አዲስ አይደለም። ፖሊሃይድሮክሲቡቲሬት፣ በአጭሩ ፒኤችቢ፣ የተባለውን ይህን ፕላስቲክ ፈረንሳዊው ሞሪስ ለሟኝ በፓስተር ኢንስቲትዩት ከባክቴሪያ ለይቶ ያወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1926 ነው። ፎቶሲንተሲስ የሚያካሂዱት ሳያኖባክቴሪያዎች የሚመረጡት ስኳር ሳይቀርብላቸው በፀሐይ ብርሃንና በካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ ሊሠሩት ስለሚችሉ ነው። ይሁን እንጂ ባክቴሪያው ፒኤችቢን የሚያከማቸው በተመቸው ጊዜ ሳይሆን፣ ካርቦንና ኃይል ተርፎት ሌላ ንጥረ ነገር ባጠረው ጊዜ ነው፤ ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹም ይህን ከመዘንጋት ይመነጫሉ።

የመጀመሪያው ስህተት አረንጓዴ የሆነውን ሁሉ እንደ አንድ መቁጠር ነው። ክሎሬላ አልጌ እንጂ ባክቴሪያ አይደለም፤ በተፈጥሮውም ፒኤችቢ አይሠራም። ከሳያኖባክቴሪያዎችም መካከል ሲኔኮሲስቲስ 6803 (ቁጥሩ የዝርያው መለያ ነው) ፒኤችቢን በተፈጥሮው ሲያከማች፣ በምርምር ላይ በስፋት የሚያገለግለው ሲኔኮኮከስ 7942 ግን የሚያስፈልጉት ጂኖች ስለሌሉት ምንም ያህል ቢራብ አያመርትም። በቢሾፍቱ አረንጓዴ ሐይቅና በጪቱ ሐይቅ ውኃውን የሚያቀልመው አርትሮስፒራ፣ በገበያ ስሙ ስፒሩሊና፣ ፒኤችቢ ያለው ቢሆንም መጠኑ ዝቅተኛ ነው፤ የሚፈልገውም ካርቦኔት የበዛበት አልካላይን ውኃ ነው። እንደ ሮዶስፒሪለም ያሉት ሐምራዊ ባክቴሪያዎችም ብርሃን ቢጠቀሙም ኦክስጅን አያወጡም፤ ፒኤችቢን በብዛት የሚያከማቹትም አብዛኛውን ጊዜ እንደ አሴቴት (የኮምጣጤ አሲድ ጨው) ያለ ኦርጋኒክ አሲድ ሲቀርብላቸው ነው። ስለዚህ የሐምራዊዎቹን ውጤት ጠቅሶ ለሳያኖባክቴሪያ ዕቅድ ማውጣት ከመነሻው የተሳሳተ ስሌት ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን ዕድገትንና ክምችትን በአንድ ብልቃጥና በአንድ ጊዜ መፈለግ ነው። ሴሉ የናይትሮጅን ምንጩ የሆነውን ናይትሬት እስካገኘ ድረስ ካርቦኑን ለፕሮቲንና ለመከፋፈል ያውለዋል። ናይትሮጅን ሲያጣ መከፋፈሉን ያቆማል፤ ብርሃኑ ግን ኃይል መስጠቱን ስለማያቋርጥ አሴቲል-ኮኤ የተባሉት ካርቦን ተሸካሚ ሞለኪውሎች ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመሩና ኤንኤዲፒኤች ከተባለው ሞለኪውል ኤሌክትሮን ተቀብለው የፖሊመሩ ሰንሰለት መሥሪያ ይሆናሉ። ስለዚህ በመጀመሪያ በቂ ናይትሬት ባለው፣ ቢጂ-11 በተባለው ማሳደጊያ ፈሳሽ ማሳደግ፣ ከዚያም ሴሎቹን በሴንትሪፊውጅ ለይቶ፣ ናይትሬት በሌለው ፈሳሽ አጥቦ ወደ አዲስ ማሳደጊያ ማዛወር ይገባል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚያልፉት ዝርዝር አለ፤ ሶዲየም ናይትሬቱ ቢወጣም እንኳ ለብረት ተብሎ የሚጨመረው ፌሪክ አሞኒየም ሲትሬት ራሱ ናይትሮጅን ይሰጣል፤ ከጥቃቅን ማዕድናቱ መካከል ያለው ኮባልት ናይትሬትም እንዲሁ። መጠናቸው ትንሽ ቢሆንም፣ ረሃቡ መቼ እንደጀመረ በትክክል ለመናገር የሚፈልግ ሰው አሞኒየም በሌለው የብረት ጨውና በኮባልት ክሎራይድ ሊተካቸው ይገባል። ኖስቶክና አናቤናን የመሳሰሉት ደግሞ ናይትሮጅንን ከአየር ስለሚወስዱ ናይትሬት መከልከል አያስርባቸውም፤ ለእነርሱ መቀነስ ያለበት ፎስፌት ነው።

ረሃቡ ከተጀመረም በኋላ መቸኮል ውጤቱን ያበላሸዋል። ሲኔኮሲስቲስ በቅድሚያ የሚያከማቸው ግላይኮጅን የተባለውን ከስኳር የተሠራ ክምችት ነው፤ ፒኤችቢው የሚበዛው ቆየት ብሎ፣ በአብዛኛውም ከዚያው ከተከማቸው ግላይኮጅን በሚወጣው ካርቦን ነው። በጥቂት ቀናት ተለክቶ «አያመርትም» የተባለ ናሙና ለሳምንታት ቢቆይ ሌላ ውጤት ሊያሳይ ይችላል። በዚሁ ጊዜ አረንጓዴው ቀለም ወደ ቢጫ ስለሚለወጥ ሞቷል ብሎ መድፋትም የተለመደ ነው። ሴሉ ግን ብርሃን የሚሰበስብባቸውን ፕሮቲኖች አፍርሶ ናይትሮጅናቸውን መልሶ እየተጠቀመ ነው እንጂ አልሞተም፤ ናይትሬት ሲመለስለት በሁለት ቀናት ገደማ እንደገና ወደ ማደግ ይመለሳል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መሆኗን መዘንጋት ሌላው ስህተት ነው፤ ይህ በውጭ አገር በተጻፉ የአሠራር መመሪያዎች ውስጥ ስለማይገኝ ጠበቅ አድርጌ ማንሣት እፈልጋለሁ። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል በመሆኑ፣ ሙቀቱን ሳይሆን የግፊት መለኪያውን ብቻ እያዩ የሚሠሩበት አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ተሕዋስያንን የሚገድል መሣሪያ) በ15 ፒኤስአይ ላይ የሚደርሰው ወደ 117 ዲግሪ ሴልሲየስ እንጂ 121 አይደለም። ማሳደጊያው በሚገባ ሳይጸዳ ይቀርና፣ በተለይ አሴቴት ሲጨመርበት፣ ሌሎች ባክቴሪያዎች ይወሩታል። ስለዚህ የውስጡን ሙቀት በቴርሞሜትር ማረጋገጥና መሣሪያው ከፍ ያለ ግፊት የማይፈቅድ ከሆነ ጊዜውን ማራዘም ያስፈልጋል። ከፍታው በመለካት ላይም ችግር ያመጣል፤ ፒኤችቢን በጠንካራ ሰልፈሪክ አሲድ ወደ ክሮቶኒክ አሲድ ለውጦ በ235 ናኖሜትር በሚያነበው ዘዴ ናሙናው በ100 ዲግሪ መሞቅ ሲኖርበት፣ እዚህ ከተማ የሚፈላ ውኃ ከ92 ወይም 93 ዲግሪ አያልፍም፤ ስለሆነም በውኃ ፈንታ ደረቅ ማሞቂያ መጠቀም ይሻላል።

ስለ መለካት ከተነሣ፣ ናይል ሬድ በተባለው የሚያበራ ማቅለሚያ ያበራ ሴል ሁሉ ፕላስቲክ አለው ማለት አይደለም፤ ቀለሙ ቅባትንም ይይዛልና። የሰልፈሪክ አሲዱ ዘዴም ሴሉ ግላይኮጅን ሲበዛበት ከስኳሩ በሚወጡ ውሁዶች ምክንያት ቁጥሩን ሊያጋንን ይችላል። የመጨረሻው ቁጥር በጋዝ ክሮማቶግራፊ (ውሁዶችን በጋዝ መልክ ለያይቶ በሚለካው ዘዴ) ካልተረጋገጠ ባይጻፍ እመርጣለሁ።

በመቶኛ ብቻ ሪፖርት ማድረግም አሳሳች ነው። በሊትር 0.3 ግራም ደረቅ ክብደት ካለው ናሙና 20 በመቶው 60 ሚሊግራም ሲሆን፣ 1.5 ግራም ካለው 8 በመቶው 120 ሚሊግራም ነው። በጀርመን የቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፒርሲ የተባለውን ተቆጣጣሪ ፕሮቲን አስወግደውና የፒኤችቢ ሥራ ጂኖችን አጠናክረው ከደረቅ ክብደቱ ከ60 በመቶ በላይ፣ አሴቴት ሲጨመር ደግሞ ወደ 80 በመቶ የደረሰ ሲኔኮሲስቲስ ማግኘታቸው ትልቅ እርምጃ ነው፤ ነገር ግን ይህን ቁጥር ጂኑ ካልተነካ የሐይቅ ናሙና መጠበቅ አይገባም፤ ያልተለወጡት በብርሃንና በካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ ሲያድጉ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ናቸው።

በማውጣት ሂደት ላይ የሚታየው ስህተት አጭር ነው፤ የደረቀውን ሴል አስቀድሞ በሜታኖል ሳያጥቡ ክሎሮፎርም ውስጥ መክተት ክሎሮፊሉንና ቅባቱን ከፕላስቲኩ ጋር ያወጣል። ክሎሮፎርም ያለ ጭስ መሳቢያ መክፈት ደግሞ ፈጽሞ አይፈቀድም።

በመጨረሻም የወጣውን ነጭ ዱቄት ወዲያውኑ የፌስታል ምትክ አድርጎ ማቅረብ አይገባም። ንጹሕ ፒኤችቢ በ175 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ሰንሰለቱ መበጣጠስ ስለሚጀምር ሲቀርጹት ሙቀቱን የሚፈቅድለት ክፍተት ጠባብ ነው። ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ በመሆኑ እንደ ፌስታል አይለጠጥም። ለስላሳ የሚያደርገው ሃይድሮክሲቫሌሬት በሰንሰለቱ ውስጥ እንዲገባ ለባክቴሪያው ፕሮፒዮኔት ወይም ቫሌሬት የተባለ ኦርጋኒክ አሲድ መመገብ ይቻላል፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ግን ምርቱ በፀሐይና በአየር ብቻ የተሠራ እንዳልሆነ በሪፖርቱ ላይ በግልጽ ማስፈርና የጨመረውን አሲድ መጠን ከወጪው ጋር አብሮ ማስላት አለበት።