የሜክሲኮን ቀይ የከርከዴ መጠጥ በቤት ውስጥ እንዴት ማዘጋጀት ይቻላል?

በሜክሲኮ ገበያዎችና ታኮ (በቀጭን ቂጣ የሚጠቀለል ምግብ) በሚሸጡ ቤቶች ትልልቅ የመስታወት ማሰሮዎች ተደርድረው ይታያሉ። በአንደኛው ነጭ የሩዝ መጠጥ፣ በሌላው ቡናማ የሁመር ጭማቂ፣ በሦስተኛው ደግሞ ደማቅ ቀዩ አጉዋ ዴ ሃማይካ፣ ማለትም የከርከዴ መጠጥ፣ አለ። ሻጮች በጭልፋ እየቀዱ ከምሳ ጋር ያቀርቡታል። መጠጡ የሚሠራበት ተክል ሱዳንና ግብፅ የሚወዱት ከርከዴ ራሱ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ በብዛት የሚመረተው በጌሬሮ ክፍለ ግዛት ነው።

ለ2 ሊትር መጠጥ አንድ ኩባያ ሙሉ (ከ40 እስከ 50 ግራም) የደረቀ ከርከዴ፣ ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ኩባያ ስኳርና ውሃ ይበቃል። አበባ ይባል እንጂ የምንጠቀምበት ክፍል የአበባው ቅጠሎች ከረገፉ በኋላ ፍሬውን አቅፎ የሚቀረው ወፍራም ቀይ ሽፋን ነው። ስለዚህ ሲገዙ ሙሉውን፣ ጥቁር ቀይ የሆነውንና ሲነኩት ትንሽ የሚለመጠውን ይምረጡ። የተፈጨውን ግን አልመክርም፤ ከወንፊት እያመለጠ መጠጡን ያደፈርሳል።

በቀዝቃዛ ውሃ በፍጥነት ያለቅልቁት። አሸዋ አያጣውምና ይህ አይታለፍም፤ ነገር ግን ቀለሙ ወዲያውኑ መልቀቅ ስለሚጀምር ዘፍዝፈው አይተዉት።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ። 1 ሊትር ውሃ ያፍሉ፤ ሲንተከተክ እሳቱን ያጥፉ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ከርከዴውን ይጨምሩና ይክደኑት። ብዙ ሰው፣ ሜክሲኮ ውስጥም ጭምር፣ አብሮ ያፈላዋል። ለጥቂት ደቂቃ ከሆነ ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም። ረዘም ላለ ጊዜ ሲፈላ ግን ደማቁ ቀይ ወደ ቡናማ ያደላል፣ የፍራፍሬ መዓዛው በእንፋሎት ይሄዳል፣ ጣዕሙም ምላስ የሚይዝ ጎምዛዛ ይሆናል። ያን ጉምዘዛ ደግሞ ስኳር አያነሳውም፤ ሰው ስኳር እየጨመረ ይሄድና መጨረሻ ላይ ጣፋጭም ጎምዛዛም የሆነ ሽሮፕ ይቀርለታል።

ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይተዉት። መድረሱን ከሰዓት ይልቅ ዓይን ይነግርዎታል፤ የከርከዴው ጠርዝ ገርጥቶ ሐምራዊ ሲመስል፣ ማንኪያ ቢያስገቡ ጫፉ ካልታየ ደርሷል። ቀረፋ የሚወድ አንድ እንጨት አብሮ መዘፍዘፍ ይችላል። እኔ ግን ከርከዴው ብቻውን ቢሆን እመርጣለሁ።

ስለ ድስቱም ልብ ይበሉ። መጠጡ አሲድ ስለሆነ ከአሉሚኒየም ጋር ይዋሃዳል፤ የብረት ጣዕም ያመጣል፣ ቀለሙንም ያበላሻል። የማይዝግ ብረት ወይም ኢናሜል ይጠቀሙ።

ወደ ጆግ አጥልለው ገና ትኩስ እያለ ስኳሩን ያሟሙ። ከዚያ ቀሪውን 1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በወንፊቱ ላይ በቀረው ከርከዴ በኩል ያፍስሱት፤ የተረፈውን ቀለምና ጣዕም ይዞ ይወርዳል። በማንኪያ አይጭመቁት፣ ይደፈርሳል። በደንብ ሲቀዘቅዝ ጣፋጭነቱ ስለሚቀንስ፣ ስኳሩን በትኩሱ ሲቀምሱት ትንሽ በዝቶ ቢሰማዎት ልክ ነው። ነጭ ልብስ ላይ ከፈሰሰ ደግሞ በቀላሉ አይለቅምና ሲያጠሉ ይጠንቀቁ።

ጊዜ ያለው ሰው ማፍላቱን ትቶ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደር ይችላል። ለስላሳና መዓዛው ሙሉ የሆነ መጠጥ ይወጣዋል፤ ስኳሩን ግን በጥቂት ሙቅ ውሃ ቀድሞ ማሟሟት ያስፈልጋል።

በበረዶ ያቅርቡት፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለአራት ቀን ያህል ይቆያል። ከርከዴ የደም ግፊትን ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል፣ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችና ነፍሰ ጡሮች አዘውትረው ከመጠጣታቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ።

የተረፈውን ከርከዴ አይድፉት። ሜክሲኮዎች በደቃቁ ከትፈው፣ በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት በዘይት ጠብሰው ታኮ ውስጥ ይጠቀልሉታል። ጨውና ትንሽ ቃሪያ ሲጨመርበት ለጾም ቀንም የሚሆን ነው።